የሻጋታ ቀለም እና የቋቁቻ ጣጣ

አራት አምስት ቀን የተረሳ እንጀራ ያለበትን መሶብ የከፈተ ሰው ቀለም ቤት የገባ ይመስለዋል። አንዱ ጥግ ነጭ እንደ ጥጥ፣ አንዱ ጥግ አረንጓዴ፣ ሌላው ጥላሸት የመሰለ ጥቁር፣ አንዳንዴም ዳር ላይ ደብዘዝ ያለ ሮዝ። እናቶቻችን "ሻገተ" ይላሉ፣ ይጥሉታል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ላብራቶሪ ውስጥ ግን አላበቃም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሻጋታ የሚሠራቸውን ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለሞች እየለዩ፣ ቆዳ ላይ የሚወጡ የእርሾ ሕመሞችን ያድኑ እንደሆነ የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ። አዎ፣ ፈንገስን በፈንገስ። ወሬው ደስ ይላል። "ተፈጥሯዊ" የሚል ቃል ያለበት ወሬ ሁሉ ዘንድሮ ደስ ይላል። አንገቱ ላይ ቋቁቻ ወጥቶበት በዚህ ሙቀት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ ልጅ፣ ትከሻዋ እንዳይታይ ሰርግ ላይ ሻርፕ ደርባ የምትውል ልጅ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምተው ቢጓጉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ለነገሩ ቀለምን ከመድኃኒት ጋር ለማጋባት የተሞከረው ዛሬ አይደለም። ሙከራው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በመንገዱ ላይ የኖቤል ሽልማት የወሰዱ አሉ፣ መድኃኒቱን በእጃቸው ይዘው ሳያውቁት የጣሉ አሉ፣ መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ በሌላ "ሕክምና" ዕድሜ ልካቸውን የተጎዱ ሕፃናትም አሉ። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ተከሳሹን እንወቅ

እኛ ሰፈር ቆዳ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ "ፈንገስ ነው" ይባላል። ፈንገስ ግን የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም ነው። ክብ ሠርቶ ጠርዙ ላይ የሚያሳክከው ጭርትና የልጆችን ፀጉር የሚያረግፈው ቆረቆር፣ ክር እየዘረጉ የሚያድጉ ሻጋታዎች የሚያመጧቸው ናቸው። ደረት፣ ጀርባና አንገት ላይ ነጣ ወይም ጠቆር እያለ የሚዘነጎረው ቋቁቻ ግን የእርሾ ሥራ ነው። ራስ ላይ በፎረፎር ስሙ የሚነሳውም የዚሁ እርሾ ዘመድ ነው። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

በ1846 ካርል አይሽቴት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከቋቁቻ ላይ የፋቀውን ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ሲያይ ፈንገስ አገኘበት። ሮበርት ኮኽ አባ ሰንጋ የሚመጣው ከባክቴሪያ መሆኑን ያሳየው በ1876 ነው። ይሄ ማለት ቋቁቻ መንስኤው ቀድሞ ከታወቀላቸው ሕመሞች አንዱ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቀድሟል። በ1853 ፈረንሳዊው ሻርል ሮባን ለፈንገሱ "ፉርፉር" የሚል ስም ሰጠው፣ በላቲን ፉርሽካ ማለት ነው። ቅርፊቱ እንደ ፉርሽካ ስለሚረግፍ። (ፎረፎር የምንለው ቃል ከጣልያኖቹ "ፎርፎራ" ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል ልብ ይሏል።) በ1874 ሉዊ ሻርል ማላሴ እርሾውን ከራስ ቅርፊት ላይ አጥንቶ ገለጸው፣ በ1889 ደግሞ ሄንሪ ባዮን በማላሴ ስም "ማላሴዚያ ፉርፉር" ብሎ ሰየመው። ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ተከሳሹ ከውጭ የመጣ ሌባ አለመሆኑ ግን ቆይቶ ነው የተገለጠው። ሮዳ ቤናም የተባለች ኒውዮርክ የምትሠራ ተመራማሪ በ1939 ይህ እርሾ ቅባት ካላገኘ እንደማያድግ አሳየች። ምግቡ የቆዳችን ወዝ ነው። በአብዛኞቻችን ቆዳ ላይ ያለ ነዋሪ ነው፣ ሙቀት፣ ላብና ወዝ ሲበዛለት ከልክ ያልፋል። እንግዲህ "አትታጠብም ማለት ነው" እያላችሁ ጓደኛችሁን የምታሸማቅቁ ካላችሁ ከ1939 ወዲህ ያለውን አልሰማችሁም።

ቀለም መድኃኒት ይሆናል የተባለበት ዘመን

በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ለወባ የሚሆን ኪኒን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሊሠራ ሞከረ። ኪኒኑ አልሆነለትም፣ በምትኩ ወይን ጠጅ ቀለም አገኘ። ከሰው ሠራሽ ቀለሞች ሁሉ ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ይሄ ሆነ። ልብስ የሚያቀልሙ ፋብሪካዎች፣ በተለይ ጀርመን አገር፣ እንደ አሸን ፈሉ።

ከዚያ ጳውል ኤርሊኽ የተባለው ሐኪም አንድ ነገር አሰበ። አንዳንድ ቀለም ማይክሮስኮፕ ሥር ሲጨመር ተህዋሲያኑን ብቻ መርጦ ያቀልማል፣ ዙሪያውን ይተዋል። መርጦ የሚያቀልም ከሆነ ለምን መርጦ አይገድልም? በ1891 ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ለወባ በሽተኞች ሰጠ፣ መጠነኛ ውጤትም አየ። ከዚያው የቀለም ቤተሰብ የወጣ አንድ ዘመድ እኛም ዘንድ የታወቀ ነው፣ ጂቪ። ሕፃን ሆኖ አፉን በጂቪ ተቀብቶ ወይን ጠጅ ምላስ ያላወጣ ስንቱ ነው? ጂቪ ካንዲዳ የተባለውን፣ የሕፃናት ምላስ ላይ ነጭ የሚጋግረውን እርሾ ይገድላል። ችግሩ ልብሱንም፣ ትራሱንም፣ እናትየውንም አብሮ ማቅለሙ ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ከፍታው 1935 ነበር። ገርሃርድ ዶማክ ፕሮንቶሲል የተባለ ቀይ ቀለም የባክቴሪያ መድኃኒት መሆኑን አሳተመ። በዚያው ዓመት ግን ፓሪስ ያሉ የፓስተር ተቋም ሰዎች ጉዱን አወጡት። ቀዩ ቀለም ሰውነት ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይሰበራል፣ ባክቴሪያውን የሚያስቆመው ከተሰበረው አንዱ ቁራጭ፣ ቀለም የሌለው ሰልፋኒላማይድ ነው። ቅላቱ ለፈውሱ ምንም አልጨመረም። ዶማክ የ1939 ኖቤል ተሸላሚ ሆነ። ፋብሪካው ግን ሲኮራበት የነበረው ቀለም መጠቅለያ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሻጋታ ሰብሳቢው ሰውዬ

አሁን ወደ ሻጋታው እንመለስ። ሃሮልድ ራይስትሪክ ይባላል፣ እንግሊዛዊ ባዮኬሚስት ነው። ከ1929 ጀምሮ ለንደን በሚገኘው የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተቀምጦ ዕድሜውን የፈጀው ሻጋታ እያበቀለ የሚያወጣውን ነገር በመለየት ነው። ከለያቸው ነገሮች ብዙዎቹ ቀለሞች ነበሩ። ሻጋታ ስንት ቀለም መሥራት እንደሚችል ዓለም ያወቀው በአብዛኛው ከእሱ ላብራቶሪ ነው።

በ1928 ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ሲያገኝ የሻጋታው ጭማቂ ቢጫ ነበር። ራይስትሪክና ሁለት ባልደረቦቹ በ1932 ጭማቂውን ወስደው ቢጫውን ቀለም ለዩት፣ ክራይሶጀኒን ብለውም ሰየሙት። ባክቴሪያ ላይ ሲሞክሩት ምንም አልሠራም። መድኃኒቱ ሌላው፣ ቀለም የሌለው ክፍል ውስጥ ነበር፣ እሱ ደግሞ በቶሎ እየተበላሸ አስቸገራቸውና ተዉት። ፔኒሲሊንን ለሰው ያበቁት ስምንት ዓመት ቆይተው የተነሱት የኦክስፎርዶቹ ፍሎሪና ቼን ናቸው።

ተቃራኒውም ገጥሞታል። በ1931 ከሌላ ሻጋታ ሲትሪኒን የተባለ የሚያምር ቢጫ ቀለም አወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታይ ሲትሪኒን ባክቴሪያን ይገድላል! ተፈጥሯዊ፣ ቢጫ፣ ገዳይ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አንድ ነገር ብቻ። ሲትሪኒን ኩላሊትንም ይጎዳል። መድኃኒት ሳይሆን ቀረ።

በ1939 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ ከአንድ ፔኒሲሊየም ሻጋታ ነጭ ክሪስታል አወጡ። ግሪሲዮፉልቪን አሉት። ቀለም የለው፣ ባክቴሪያ አይገድል። ጽፈው አሳተሙትና መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መደርደሪያ ላይ

ዶርሴት በተባለው የእንግሊዝ ግዛት ዋረም የሚባል ጠፍ መሬት አለ። የጥድ ችግኝ አልይዝ ይላል። ምክንያቱን ሲፈልጉ የነበሩት ፐርሲ ብሪያንና ባልደረቦቹ በ1946 ከአፈር ሻጋታ አንድ ነገር አገኙ። ሌሎች ፈንገሶች ላይ ሲጨመር ክራቸው ቀጥ ብሎ ማደጉን ትቶ እንደ ፀጉር ይጠቀለላል። "የመጠቅለያው ነገር" አሉት። በ1947 ሲመረመር የራይስትሪክ ግሪሲዮፉልቪን ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜም የታሰበው ለሰብል በሽታ ነው። በ1958 ጀምስ ጀንትልስ ግላስጎ ውስጥ ጭርት ለያዛቸው ጊኒ ፒጎች በአፍ ሲሰጣቸው ዳኑ። በዓመቱ ሰዎች ላይም ሠራ። ፀጉር፣ ጥፍርና ቆዳ ውስጥ እየገባ ስለሚቀመጥ አዲስ የሚያድገው ፀጉር ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ከ1939 እስከ 1958 ቁጠሩት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። "ታዲያ ምን ይደረግ፣ ሳይንስ ጊዜ ይወስዳል" ትሉ ይሆናል። እስቲ በእነዚያ ዓመታት ቆረቆር የያዘው ልጅ ምን ይደረግ እንደነበር እንይ።

ከ1904 ጀምሮ፣ ከፓሪሱ ሐኪም ሬሞን ሳቡሮ ወዲህ፣ የቆረቆር ዋናው ሕክምና ራጅ ነበር። የልጁ ራስ በጨረር ይመታል፣ ፀጉሩ በሙሉ ይረግፋል፣ ፈንገሱም አብሮ ይወገዳል። በእስራኤል ብቻ ከ1948 እስከ 1960 ድረስ ባለው ጊዜ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ልጆች እንዲህ ታከሙ፣ አብዛኞቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ገና የገቡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። በ1974 ባሩክ ሞዳንና ባልደረቦቹ ወደ 11 ሺህ የሚጠጉትን ተከታትለው ውጤቱን አሳተሙ። ጨረር ያገኛቸው ልጆች የአንጎል ዕጢና የእንቅርት እጢ ካንሰር ካላገኛቸው በልጦ ተገኘባቸው። በ1994 አገሪቱ ለተጎጂዎቹ የካሳ ሕግ አወጣች። ሰዎቹ ያን ጊዜ የሃምሳና የአርባ ዓመት ሰዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ቆረቆር አይገድልም። ልጁን ያስቀየመው፣ ወላጁን ያሳፈረው፣ ከትምህርት ቤት ያስባረረው መልኩ ነው። ለመልክ ብለው በቶሎ ይጥፋ ያሉት ነገር ዕድሜ ልክ ተከተላቸው። መድኃኒቱ ደግሞ የተወሰነውን ጊዜ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ለንደን ውስጥ መጽሔት ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሁለቱ ሴቶችና ፖስታ ቤቱ

ቅድም ያስያዝኳችሁን ልዩነት አሁን አምጡልኝ። ግሪሲዮፉልቪን ጭርትንና ቆረቆርን እንጂ እርሾን አይነካም። ቋቁቻ የያዘው ሰው ወር ሙሉ ቢውጠው ለጉበቱ ሥራ ያበዛል እንጂ ቋቁቻው አይሰማም።

ለእርሾ የሚሆነው ከሌላ በኩል መጣ። ኤሊዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን በኒውዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ይሠሩ ነበር፣ አንዷ ኒውዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ ኦልባኒ። ሄዘን ከአፈር የሚገኙ ተህዋሲያንን ታበቅላለች፣ ፈንገስ የሚገድል ስታገኝ በማሰሮ አድርጋ በፖስታ ትልካለች። ብራውን ደግሞ የሚሠራውን ነገር ለይታ በፖስታ ትመልሳለች። ሄዘን ቨርጂኒያ ውስጥ ከሚገኝ የወዳጆቿ እርሻ ያመጣችው አፈር ውስጥ የተገኘው ነገር ካንዲዳን ገደለ፣ በ1950ም ይፋ አደረጉት። በግዛታቸው ስም ኒስታቲን አሉት። ዛሬ አፉ ለነጣ ሕፃን ጠብታው የሚሰጠው እሱ ነው። (ሠሪው ሻጋታ ሳይሆን ሻጋታ የሚመስል የአፈር ባክቴሪያ ነው።) ከመድኃኒቱ የተገኘውን 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሁለቱም ለራሳቸው አልወሰዱም፣ ለምርምር ሰጡት። ኒስታቲን ዱቄቱ ቢጫ ነው። ለቢጫነቱ ግን ማንም ግድ አልሰጠውም፣ ሴቶቹ ከመጀመሪያው የጠየቁት "እርሾውን ይገድላል? እንስሳውን ይተዋል?" ብለው ነው። ብዙ የገደሉ ግን እንስሳውንም የጎዱ ነገሮችን ጥለዋል።

ቀይ ሩዝ እና የድሮው ወዳጃችን

አሁን የዛሬዎቹ የቀለም ተመራማሪዎች ዘንድ ደርሰናል። የሻጋታ ቀለም ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ሞናስከስ ነው። ቻይናዎች ሩዝ ላይ እያበቀሉት ሩዙ ደም መስሎ ይቀላል፣ ምግብና መጠጥ ያቀልሙበታል። ሊ ሺዠን በ1596 በታተመው ትልቅ የመድኃኒት መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። የብዙ መቶ ዓመት ልምድ፣ ተፈጥሯዊ፣ ቀይ። በ1970ዎቹ ባክቴሪያን እንደሚያስቆም ታየ፣ ይህን የሚያደርገው ነገርም ሞናሲዲን የሚል ስም ወጣለት።

በ1995 ፈረንሳይ ውስጥ ሞናሲዲን በትክክል ተመረመረ። ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ሲትሪኒን! የ1931ዱ ቢጫ፣ ኩላሊት የሚጎዳው። ስም ቀይሮ፣ በቀይ ሩዝ ተከልሎ ተመለሰ። ከ2014 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በቀይ ሩዝ ኪኒኖች ውስጥ ሊኖር ለሚችለው ሲትሪኒን ጣሪያ አስቀምጧል።

ይህን የምለው ቀለሞቹ ከንቱ ናቸው ለማለት አይደለም። ከሲትሪኒን ሌላ ሞናስከስ በራሳቸው የሚሠሩ ብርቱካናማና ቀይ ቀለሞች አሉት፣ ሲትሪኒን የማያወጡ ዝርያዎችም እየተመረጡ ነው። ምርምሩ ይቀጥል። ግን ላብራቶሪ ሳህን ላይ እርሾን ብዙ ነገር ይገድለዋል፣ ሳሙናም ኮምጣጤም ይገድለዋል። ሳህኑ ቆዳ የለውም፣ ኩላሊት የለውም፣ ሰርግ አይጠራም። ቀለሙ ቆዳ ውስጥ ይገባል ወይ? ፀሐይ ላይ ይቆያል ወይ? ቋቁቻውን አጥፍቶ በቀይ ነጠብጣብ ይተካው ይሆን? እነዚህን ጥያቄዎች አልፎ ለቋቁቻ ሐኪም የሚያዝዘው የሻጋታ ቀለም እስከ ዛሬ የለም።

እርሾው ራሱ ኬሚስት ነው

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የገረመኝ የመጨረሻው ነው። ቋቁቻ ቆዳን የሚያነጣው ለምንድን ነው? በ1978 ሮም ውስጥ ማርቼላ ናዛሮ ፖሮና ሲሮ ፓሲ ማላሴዚያ ቅባት ሲበላ የሚያወጣቸው አሲዶች፣ ቆዳ ሜላኒን የሚሠራበትን ኢንዛይም እንደሚያዘገዩ አሳዩ። ከአሲዶቹ አንዱ አዜላይክ አሲድ ነው። ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በተለይ ጀርመን ጊሰን ከተማ ያለው የፒተር ማይዘር ቡድን፣ እርሾው የራሱን ቢጫና ቡናማ ቀለሞች እንደሚሠራ ስላገኙ የማንጣቱ ጥፋት በአዜላይክ አሲድ ብቻ የሚላከክ አይደለም። አሲዱ ግን ሥራ አላጣም። ተመረመረ፣ መጠኑ ተለካ፣ በ1995 አሜሪካ ውስጥ ለብጉር ተፈቀደ። ዛሬ ብጉር ትቶት ለሚሄደው ጥቁር ምልክት የምትገዙት ክሬም ጀርባ ላይ ስሙን ፈልጉት። ፊታችሁን የምታጠሩበት ነገር ታሪኩ የሚጀምረው ከቋቁቻ ነው።

እንግዲህ ከፈንገስ መድኃኒት አይወጣም የሚል ካለ ተሳስቷል። የወጣው ግን ቀለሙ አምሮ፣ ወይም "ተፈጥሯዊ" ተብሎ አይደለም። ማንን እንደሚገድልና ማንን እንደሚተው፣ በስንት መጠን፣ ለስንት ሳምንት የሚለውን የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው። ጥያቄው ሲዘል የሚከፍለው ደግሞ መልኩ ያሳፈረው፣ በቶሎ ይጥፋልኝ የሚለው ሰው ነው።

እስከዚያው አንገታችሁን ለሸፈናችሁት፦ ለቋቁቻ የተፈተኑ መድኃኒቶች አሉ። ኬቶኮናዞል ወይም ሴሌኒየም ሰልፋይድ ያለበት ሻምፑ፣ ክሎትሪማዞል ክሬም፣ ፋርማሲ ጠይቁ፣ ቦታው ሰፊ ከሆነ ለቆዳ ሐኪም አሳዩ። ጓደኛ ያቀበላችሁን ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ተዉት፣ ማሳከኩን ያስረሳና ፈንገሱን ያደላድለዋል። ማንጫ ክሬምም ተዉት። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፣ እርሾው ከሞተ በኋላ የቆዳው ቀለም ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ይፈጃል። ብዙ ሰው "አልሠራልኝም" ብሎ መድኃኒቱን የሚጥለውና ወደ አዋቂ ነኝ ባይ የሚሮጠው በእነዚያ ወራት ነው። ቀለሙ እየመጣ ነው፣ ጠብቁት። ቁልፉንም ፍቱት፣ ይሞቃል።